240ዜድ የፊት ፍሬን፦ ባለ 4 ፒስተን ካሊፐር ልግባበት ወይስ ሌላ መላ አለ?

ቀዩ_ዜድ፦
ሰላም ጓዶች፣ እንዴት ናችሁ። የ1972 ዳትሰን 240ዜድ አለችኝ፣ ሞተሯ ወደ ኤል28 (ትልቁ ባለ 2.8 ሊትር የዳትሰን ሞተር) ተቀይሯል፣ ካሙ (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተው ዘንግ) ሞቅ ያለ ነው፣ ሶስት መንታ ካርቡሬተር ተደርድሮባታል፣ ወደ ታች ወርዳለች፣ ቸርኬው 15 ሆኗል፣ ጎማውም ለስለስ ያለ መንገድ የሚነክስ አይነት ነው። ባጭሩ ያልተነካ ነገር የላትም ከፍሬኗ በስተቀር፣ ፊት ደፍን ዲስክና ባለ ሁለት ፒስተን ካሊፐር (ፓዱን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው)፣ ኋላ ታምቡር፣ ፋብሪካ እንዳወጣው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ከተማ ውስጥ ምንም አትልም ግን ረጅም ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ጠበቅ አድርጌ ስነዳት የመጀመሪያዎቹን ኩርባዎች ቀጥ ትላለች ከዛ በኋላ ግን ፍሬኑ እየለገመ ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ በማርሽ ነው የምይዛት። ግማሹ ሰው የድሮ ሀይሉክስ ባለ 4 ፒስተን ካሊፐር ግባበት ይለኛል፣ ግማሹ ደግሞ ሙሉውን ትልቅ የፍሬን ኪት፣ ካሊፐሩንም ዲስኩንም አንድ ላይ፣ ግዛና ተገላገል ይላል። ማስተር ሲሊንደሩስ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው) መቀየር አለበት? ኋላውን ታምቡር ልተወው? ደግሞ በ15 ቸርኬ ይገባል ወይስ ይነካል? የሞከራችሁት ንገሩኝ እስቲ።

ጋሼ_ቁልፍ፦
ልጄ ዕቃ ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር መልስልኝ፣ ፍሬኑ እምቢ ሲልህ ፔዳሉ ምን ሆኖ ነው? ደርቆ ነው ወይስ ላልቶ? ይሄን ሳይጠይቅ ካሊፐር ቀይር የሚልህን ሰው አትስማው።

ፔዳሉ ከላይ ጠንክሮ ቆሞ በሙሉ ጉልበትህ ብትረግጠውም መኪናዋ ካልቆመች የጋለው ሸራው ነው፣ ማለትም ፓዱ ከሚችለው ሙቀት በላይ ሄዶ ዲስኩን መያዝ አቁሟል፣ መድኃኒቱ ሙቀት የሚችል ፓድ ነው። ፔዳሉ ግን ስፖንጅ እንደመርገጥ ሆኖ ወደ ወለሉ እየወረደ ከሄደ ዘይቱ ፈልቷል፣ ዘይት አይታመቅም እንፋሎት ግን ይታመቃል፣ እግርህ አረፋ እየጨመቀ ነው ማለት ነው። እዛ ላይ 4 ሳይሆን 6 ፒስተን ብታስገባ ያው ነው።

የፍሬን ዘይት ደሞ ውሃ ይስባል፣ በጎማ ቱቦውም በማጠራቀሚያው ክዳንም እርጥበት ይገባዋል። ዶት የሚባለው የዘይቱ ደረጃ ነው፣ ዶት 3 አዲሱ ቢያንስ 205 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይችላል፣ ውሃ ሲጠጣ ግን ዝቅተኛ መስፈርቱ 140 ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155፣ ዶት 5.1 ከ260 ወደ 180። እነዚህ ሶስቱ ይቀላቀላሉ፣ ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮኑ ግን ሌላ ዘር ነው፣ በስሙ እንዳትሸወድና እንዳትቀላቅለው።

ሌላ፣ አንድ ሰው ሞተሩ እየሰራ ፔዳሉን አጥብቆ ይርገጥልህና አንተ የፊቱን የጎማ ቱቦ በእጅህ ጨብጠህ ያዘው። እጅህ ውስጥ ሲያብጥ ከተሰማህ ያ ቱቦ ዕድሜውን ጨርሷል፣ ግፊቱ ወደ ካሊፐሩ መሄዱ ቀርቶ ቱቦ መንፋት ነው የያዝከው። ደግሞም ከኩርባ ወጥተህ የመጀመሪያው እርግጫ ረዝሞ ሁለተኛው ልክ ከሆነ ፍሬኑ ላይ አትፍረድ፣ ኩሽኔታው ላልቶ ዲስኩ እየተወዛወዘ ፓዱን ወደ ኋላ እየገፋው ነው።

ሀይሉክስ_በዜድ፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው ግን ልጁ የጠየቀው ስለ ካሊፐሩ ስለሆነ እኔ እሱን ልመልስ፣ መኪናዬ ላይ አድርጌዋለሁ።

ሁለት አይነት አለ፣ ሰው አንድ አድርጎ ስለሚያወራው ነው የሚያምታታው። ኤስ12 ሲደመር 8 የሚባለው የድሮው ባለ አራት ጎማ ጎታች ሀይሉክስ ካሊፐር ራሱ ያንተን ደፍን ዲስክ ይዞ ይሰራል፣ የ240ዜድ እግር ላይ በራሱ ብሎን ቀዳዳ ይገባል፣ ብየዳ የለው ምን የለው። ኤስ12ደብሊው የሚባለው ደግሞ ሰፊ ነው፣ አየር ማስገቢያ ላለው ዲስክ የተሰራ፣ እሱን ካሰብክ የ1984ቱን 300ዜድኤክስ ቱርቦ ያልሆነውን ዲስክ ፈልገህ በሀቡና በዲስኩ መሀል ስፔሰር ማስገባት አለብህ።

በተግባር የሚያደክመው ብሎኑ አይደለም። ከዲስኩ ጀርባ ያለችው የአቧራ መከላከያ ቆርቆሮ ካሊፐሩን ትነካለች፣ በመቀስ ትቆርጣታለህ ወይ ጭራሽ ታወጣታለህ። ዲስኩን ለመቀየር ደግሞ ሀቡ መውጣት አለበት ምክንያቱም ዲስኩ ከጀርባው ነው በብሎን የታሰረው፣ ስለዚህ በዛው ኩሽኔታውን አጥበህ ግሪስ ቀይረህ ጎሚኒውን አዲስ አድርገው፣ ሁለቴ አትፍታው። ስትገጥም የአየር ማስወጫዋ ጡት ወደ ላይ መሆን አለባት! የግራውን ቀኝ ካደረከው ጡቷ ታች ትሆናለች አየሩ ላይ ተቀምጦ ይቀርና ቀኑን ሙሉ ብታስረግጥ ፔዳል አታገኝም። የብረት ቱቦውንም ጥርስ ከመግጠምህ በፊት በጣትህ አሽከርክረህ አረጋግጥ፣ በቁልፍ ኃይል የሚገባ ጥርስ ሌላ ጥርስ ነው።

15 ቸርኬ በብዛት ይገባል ግን የቸርኬው ቁጥር ብቻ አይነግርህም፣ የክንዶቹ ቅርፅ ነው የሚወስነው። ካሊፐሩ ጀርባ ላይ የልጆች ጭቃ ለጥፍበት፣ ጎማውን አስረህ በእጅህ አሽከርክረው፣ አውልቀህ ጭቃው የት እንደሳሳ እየው። ከ3 ሚሊ በታች ከሆነ እኔ አልነዳበትም።

ማስተሩን በተመለከተ ያንተ የውስጥ ዲያሜትሩ 7/8 ኢንች ነው፣ ብዙ ሰው ከ280ዜድኤክስ ወደሚወሰደው 15/16 ይሄዳል ምክንያቱም 4ቱ ፒስተን ብዙ ዘይት ስለሚፈልግ ፔዳሉ ይረዝማል።

ሙቀት_ለኪ፦
ከላይ ያለው ወንድሜ አገጣጠሙን አሪፍ አድርጎ ነግሮሃል፣ ግን አንድ ነገር ላይ አልስማማም እና ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ቢያስብበት። ኤስ12 ሲደመር 8 ፒስተኑ ይጨምራል እንጂ ዲስኩ ያው ያንተ 271 ሚሊ ደፍን ዲስክ ነው። የመጭመቂያ ጉልበት አገኘህ፣ ፓዱም ሰፋ፣ ሙቀቱን የሚሸከመው ብረት ግን ግራም አልጨመረም።

እስቲ በቁጥር እንየው። መኪናዋ ከነሹፌሩ 1100 ኪሎ ናት እንበል። ከ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቀጥ ስትል ወደ 420 ኪሎጁል ወደ ሙቀት ይቀየራል፣ 70 ፐርሰንቱን ፊት ቢሸከም ለእያንዳንዱ ዲስክ 150 ገደማ ይደርሰዋል፣ ዲስኩ 5 ኪሎ ቢመዝን በአንድ እርግጫ ብቻ ወደ 65 ዲግሪ ይጨምራል። ኩርባዎቹ ተጠጋግተው መብረጃ ጊዜ ሲያጣ ደምረው። ከ160 ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱ በ1.6 እጥፍ ነው ያደገው ሙቀቱ ግን ከ2.5 እጥፍ በላይ፣ አዲሱ ሞተርህ እኮ ፍሬንህ ላይ ያመጣበት ጣጣ ይሄ ነው፣ እያንዳንዱ ኩርባ ላይ በበፊቱ ፍጥነት አይደለም የምትደርሰው።

ስለዚህ ችግርህ ሙቀት ከሆነ መልሱ አየር ማስገቢያ ያለው ዲስክ ነው፣ ማለትም ኤስ12ደብሊው ወይ ኪቱ። ለዛ ዲስክ ደግሞ አየሩ ከመሀሉ መግባት አለበት፣ ክንፎቹ ከመሀል ወደ ውጪ ነው የሚተፉት፣ ከፊት መከላከያው ቱቦ ስበህ ወደ ሀቡ አቅጣጫ ካመጣህለት ልዩነቱን ታየዋለህ። የተበሳ ዲስክ ግን ለመልክ ካልሆነ ተወው፣ ከቀዳዳዎቹ ነው ስንጥቁ የሚጀምረው።

አንድ ጊዜ ብቻ ረግጠህ ለመቆም ከሆነ ደግሞ አሁን ያለው ፍሬንህ ጎማውን መቆለፍ ከቻለ ትልቁ ፍሬን አያሳጥርልህም፣ ከዛ በኋላ ያለው የጎማ ጉዳይ ነው።

እና ኋላው፣ ይሄን ሰው ይረሳዋል። የፊቱን ፒስተን ስታሳድግ ሚዛኑ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ፊቱ ቀድሞ ይቆለፋል ታምቡሩ ስራ ፈቶ ይቀራል፣ አንዳንዱ ትልቅ ካሊፐር አስገብቶ መቆሚያ ርቀቱ የሚረዝመው ለዚህ ነው። ከዛ በእጅ የሚስተካከለውን የኋላ ቫልቭ ይገዛል። ያ ቫልቭ የኋላውን ግፊት መቀነስ ብቻ ነው የሚችለው፣ መጨመር አይችልም! ኋላው ከፈዘዘብህ ታምቡሩን በደንብ አስተካክል፣ የተሻለ ሸራ አስገባ፣ ካልሆነ ሰፋ ያለ የኋላ ሲሊንደር። ቫልቩ የሚጠቅምህ ኋላው ቀድሞ ሲቆለፍ ነው።

ሀይሉክስ_በዜድ፦
ሙቀት_ለኪ ስለ ዲስኩ ተቀብያለሁ፣ የኔ መንገድ ሜዳ ስለሆነ እንደዛ ቁልቁለት ፈትኜው አላውቅም። በፔዳል ስሜት ግን አሁንም አቋሜ ያው ነው፣ ከድሮው በጣም ይሻላል።

ቀዩ_ዜድ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ በጣም፣ ጋሼ እርስዎ እንዳሉት ወጥቼ አየሁት። ቁልቁለቱ ላይ ሲለግም ፔዳሉ ላልቶ ይወርዳል፣ ቆሜ ሲበርድ ይመለሳል። ዘይቱን በመርፌ ስስበው ቡና መስሏል፣ መች እንደተቀየረ ከሸጠልኝ ሰውም አላገኘሁም። ቱቦው አላበጠም፣ ኩሽኔታውም ደህና ነው። ግን አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ፣ ቀስ እያልኩ ስነዳ፣ ለምሳሌ ለማቆም ወደፊት ወደኋላ ስል፣ ፔዳሉ ድርቅ ብሎ ነው በግድ የሚይዝልኝ። ቅድም ላልቶ አሁን ደርቆ፣ እንዴት ነው ነገሩ?

ጋሼ_ቁልፍ፦
ሁለት በሽታ ነው ልጄ፣ አንድ አታድርጋቸው። የቁልቁለቱ የዘይቱ ነው፣ ሙሉ በሙሉ አስወጥተህ አዲስ ዶት 4 ወይ 5.1 አስገባ፣ ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ጀምረህ ንፁህ እስኪወጣ። የማቆሚያው ሰርቮው ነው፣ በሞተሩ ቫኩም (መሳብ) እግርህን የሚያግዝልህ ዕቃ። ሞተሩን አጥፋ፣ ፔዳሉን እየደጋገምክ ርገጥ እስኪደርቅ፣ ከዛ ተጭነህ እንደያዝክ አስነሳው። ሰርቮው ደህና ከሆነ ሞተሩ ሲነሳ ፔዳሉ ከእግርህ ስር ትንሽ ዝቅ ይላል። ካላለ ወይ ሰርቮው ሞቷል ወይ ቫኩም አልደረሰውም።

ሶስት_መንታ፦
ቫኩም ነው፣ በርግጠኝነት ካርቡሬተሮቹን ሲያስገቡ ያመጡት ጣጣ ነው። በፋብሪካው ማኒፎልድ ስድስቱም ሲሊንደር አንድ ላይ ስለሚስቡ ሰርቮው የማያቋርጥ ቫኩም ያገኛል። ሶስት መንታ ስታደርግ ግን እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ጉሮሮ ስላለው ብዙ ሰው የሰርቮውን ቱቦ ከአንዱ ጉሮሮ ላይ ብቻ ይወስደዋል፣ ሲሊንደሩ በሳበ ቁጥር አንዴ ይመታል ከዛ ዝም። በዛ ላይ ሞቅ ያለ ካም አይድል ላይ ቫኩም ይቀንሳል። የቫኩም ጌጅ ሰካበትና እየው፣ ያልተነካ ደህና ሞተር አይድል ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ነው የሚያሳየው፣ ያንተ መርፌ እየተንቀጠቀጠ በጣም ዝቅ ብሎ ነው የምታገኘው።

መላው ከበርካታ ጉሮሮ፣ ቢቻል ከስድስቱም፣ ቀጫጭን ቱቦ አውጥቶ አንድ ትንሽ የብረት ጣሳ ላይ ማገናኘት፣ ከጣሳው ደሞ በወፍራም ቱቦ ወደ ሰርቮው፣ የማይመለሰውን ቫልቭ በመሀል አድርገህ። ቫልቩን ከመግጠምህ በፊት በአፍህ ሞክረው፣ ከሰርቮው ወደ ሞተሩ አየር ያሳልፋል በተቃራኒው ግን ጭራሽ ማሳለፍ የለበትም።

ቀዩ_ዜድ፦
እንዴ ልክ ነህ፣ ቱቦው ከሶስተኛው ጉሮሮ ላይ ብቻ ነው የወጣው፣ አሁን ሄጄ አየሁት። እሺ 15/16 ማስተሩን በዚሁ አብሬ ላስገባው?

ሙቀት_ለኪ፦
አሁን እንዳትነካው። 15/16 ከ7/8 ጋር ሲነፃፀር ስፋቱ ወደ 15 ፐርሰንት ይበልጣል፣ ስለዚህ እርግጫው ያጥራል ግን በዛው የእግር ጉልበት ግፊቱ ወደ 13 ፐርሰንት ይቀንሳል። ሰርቮው እንዲህ እያነከሰ ያንን ብታስገባ ፔዳሉ ይብስ ይደርቅብሃል፣ ከዛ ካሊፐሩን ነው የምትሳደበው። መጀመሪያ ዘይቱን፣ ቫኩሙንና ሙቀት የሚችል ፓድ አድርግና ያንኑ ቁልቁለት ውረደው። ከዛ በኋላም ከለገመ ኤስ12ደብሊው ከነዲስኩ፣ ማስተሩ የሚመጣው ያን ጊዜ ፔዳሉ ከረዘመብህ ነው። አዲሱን ፓድ ደግሞ ሳታለማምደው ቁልቁለት እንዳትወርድ፣ ሜዳ ላይ ከ80 ወደ 15 ገደማ ጠበቅ እያረክ ሳትቆም ደጋግመህ አውርደው ከዛ ፍሬን ሳትነካ እየነዳህ አብርደው፣ ግለቱ ላይ ቆመህ ፔዳሉን ረግጠህ ከያዝክ የፓዱ ቅርፅ ዲስኩ ላይ ይታተምና መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምርሃል።