ለደሴ ማዕድ ቤት የሚሆን የጨው ዕቃ፦ ጥቆማ

ደሴ ውስጥ የጨው ማስቀመጫ ለሚፈልጉ የምጠቁመው አፉ ሰፊ የሆነና ክዳኑ ላይ የጎማ ቀለበት ያለው የመስታወት ዕቃ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በሐምሌና በነሐሴ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጭጋግ ቤት ድረስ ይገባል፤ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 75 በመቶ ካለፈ ደግሞ ንጹሕ ጨው እንኳ ይቀልጣል፣ ማግኒዥየም ክሎራይድ የተቀላቀለበት ያልተጣራ ጨው ግን ከዚያ በጣም ባነሰ እርጥበትም ይርሳል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ክዳኑን ይፈትሹ፤ ባለ ሱቁ ከፈቀደ ውሃ ሞልቶ መገልበጥ ከሁሉ የተሻለ መፈተኛ ነው።

የሸክላ ማሰሮ ለዓይን ያምራል፣ ወጥ ቤቱንም ያደምቃል፤ እኔ ግን ለጨው አልመክረውም። ያልተለበጠ ሸክላ የረጠበውን ጨው በቀዳዳዎቹ ወደ ውጭ ያሰርጋል፤ ውሃው ሲደርቅ ገላው ላይ ነጭ ብናኝ ይቀራል፣ ውሎ አድሮም ሸክላው ይላጣል። ውስጡም ውጭውም በደንብ የተለበጠ ከተገኘ ይህ ችግር የለበትም። የዱቄት ወተት ጣሳ ይዝጋል፣ አሉሚኒየምም በጨው ይበላል፤ አይዝጌ የሚባለው ብረት እንኳ እርጥብ ጨው ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠበት ነጠብጣብ ያወጣል።

ከደሴ ዝቅ ብላ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ላለችውና ሞቅ ለምትለው ኮምቦልቻ ወፍራም ፕላስቲክ ባለ ጥምዝ ክዳን ይበቃል፤ ዋጋውም ከመስታወት ይቀላል። ዕቃው ቀድሞ ምግብ የተቀመጠበት ይሁን፤ የቀለም ባልዲ አጥቦ ጨው ማኖር በፍጹም አይገባም።

የገበታ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያዛል፤ አዮዲኑ ግን በብርሃን፣ በሙቀትና በእርጥበት ይቀንሳል። በዚህ በኩል መስታወት ብርሃን ስለሚያስገባ ቁም ሳጥን ውስጥ መቀመጥ ይኖርበታል። ደረቁን ጨው አጥቦ የማስቀመጥ ልማድም አዮዲኑን ከውሃው ጋር ይደፋዋል።

ለዕለት የሚሆነውን በትንሽ ዕቃ ቀንሶ ምድጃው አጠገብ ማኖር፣ ዋናውን ዕቃ ግን ከእንፋሎት ማራቅ ይበጃል፤ ማንኪያውም ምንጊዜም ደረቅ መሆን አለበት።