«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ለመምህር ግምት ይሆናል? (የቃላት ትርጉም ውይይት)

አስኳላ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ለመምህራን ሥልጠና የሚሆን አጭር ጽሑፍ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። ስለ ሮበርት ሮዘንታልና ሌኖር ጃኮብሰን ሙከራ ነው። እሱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ፣ እሷ ርዕሰ መምህርት ነበሩ። መምህሩ «ይሄ ልጅ እዚህ ይደርሳል» ብሎ ማሰቡ ብቻ ልጁን ይለውጠዋል ወይ ብለው ነው የፈተሹት። ሁለት ቦታ ላይ ተያዝኩ። እንግሊዝኛው «teacher expectations» የሚለውን «የመምህራን ጥበቃ» ብዬ ብጽፍ አንባቢው ስለ ደኅንነታቸው የማወራ ይመስለዋል። ምን ልበለው? ደግሞስ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለውን ርዕስ ባደርገው ያስኬዳል?

ወለላ፦ ለእኔ «ተስፋ» ነው። «ተስፋ የሚጣልበት ልጅ» እንል የለ?

ፊደል ቆጣሪ፦ ወለላዬ፣ ተስፋ ግማሹን ብቻ ነው የሚይዘው። መምህሩ «ለዚህ ልጅ ቀለም አይገባውም» ብሎ ሲደመድምስ? እሱም የሚጠናው ነገር ነው፤ ተስፋ ግን አይባልም። እኔ «ግምት» እላለሁ። ከፍም ዝቅም ይላል። በዚያ ላይ «ግምት ሰጠው» ስንል ቁም ነገር አድርጎ ቆጠረው ማለታችን ነው። ግምት ያልተሰጠው ልጅ እጁን ቢያወጣም የሚያየው የለም።

ቀለም ቀንድ፦ በ«ግምት» እስማማለሁ። ተረቱን ግን ተወው፣ አስኳላ ወንድሜ። ነገሩን ይገለብጥብሃል። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የምንለው ስሙና ሰውየው ገጥመው ሲገኙ ነው። ስም አውጪው የሚሆነውን ቀድሞ አውቆታል እንደ ማለት። በዚህ ሙከራ ግን ስም አውጪው ስለ ልጆቹ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

በ1964 እ.ኤ.አ. ነው የተጀመረው፣ ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት። ልጆቹ ተራ የአእምሮ ችሎታ ፈተና ተፈተኑ። ለመምህራኑ ግን ከሃርቫርድ የመጣ ልዩ ፈተና ነው፣ በቅርቡ በትምህርቱ የሚመነደገውን ልጅ ቀድሞ ይለያል ተባሉ። ከዚያ ከየክፍሉ የጥቂት ልጆች ስም ተሰጣቸው፤ በጠቅላላው ከመቶ 20 ገደማ። ስሞቹ ከፈተናው ውጤት የመጡ አልነበሩም። በዕጣ ነው የወጡት።

ከዓመት በኋላ ያው ፈተና ተደገመ። ስማቸው የተሰጠው የ1ኛ ክፍል ልጆች በአማካይ 27 ነጥብ ገደማ ጨመሩ፤ ሌሎቹ 12። 2ኛ ክፍል ላይ 16.5 ለ7 ነበር። ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

ልብ በል፣ የሙከራው ቁልፍ ዕጣው ነው። መምህር «ጎበዝ ነው» ያለው ልጅ ጎበዝ ሆኖ ቢገኝ ምን ይገርማል? አይቶት ነዋ የገመተው። ግምቱ ልጁን ሠራው ወይስ ልጁ ግምቱን አመጣው፣ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለህ ብታይ አይለይልህም። ግምቱ በዕጣ ሲታደል ግን ልጁ አመጣው ማለት አይቻልም። መልአክ ካስገባህ ዕጣው ይጠፋል፤ ዕጣው ከጠፋ ሙከራም የለም።

ወለላ፦ እሺ፣ «ሟርት»ስ? እናቶቻችን «አታሟርት!» የሚሉት ክፉ ቃል ክፉ ያመጣል ብለው ነው። ለዝቅተኛው ግምት ሟርት፣ ለከፍተኛው ምርቃት።

ቀለም ቀንድ፦ ይሄኛው ይቀርባል። የኅብረተሰብ አጥኚው ሮበርት ሜርተን በ1948 ራሱን በራሱ የሚፈጽም ትንቢት ያለውን ያስታውሰኛል። ሆኖም እነሮዘንታል የፈተሹት የምርቃቱን ወገን ብቻ ነው። ጤነኛ ልጅ ላይ «ደካማ ነው» የሚል ስም መለጠፍ ነውር ነው፣ አላደረጉትም።

ሌላም አለ። ሟርትም ምርቃትም ከአፍ ይወጣሉ። የመምህር ግምት ግን አንድም ቃል ሳይወጣው ሊሠራ ይችላል። መምህርቷ ጠየቀች እንበል። ልጁ ዝም አለ። ቀለሜ ነው ብላ የምታምንበት ከሆነ ትታገሠዋለች። ጥያቄውን ቀለል አድርጋ ትደግምለታለች፣ ፍንጭ ትሰጠዋለች። ካልሆነ «እሺ፣ ሌላ?» ብላ ወደሚቀጥለው እጅ ታልፋለች። ልጁን ማሸማቀቅ አስባ አይደለም፤ እንዲያውም ከኀፍረት ያዳነችው ሊመስላት ይችላል። ይሄ በየቀኑ፣ በየትምህርቱ ሲደጋገም አስቡት። ሮዘንታል ራሱ በኋላ ሲያብራራ ፊትና ድምፅን፣ የሚሰጠውን ትምህርት መጠን፣ ለመልስ የሚከፈተውን ዕድልና አስተያየቱን ነው የቆጠረው።

ፊደል ቆጣሪ፦ በዚህ ሁሉ መሐል አስኳላ እንዳያጋንን እሰጋለሁ። ሙከራው ገና እንደ ታተመ ነው ትችት የገጠመው። ሮበርት ቶርንዳይክ ፈተናው ለትንንሾቹ ልጆች አይታመንም ብሎ ሞግቷል። በ1984 ደግሞ ስቲቨን ራውደንቡሽ 18 ሙከራዎችን አንድ ላይ መዘነ። መምህሩ ልጆቹን ከሁለት ሳምንት በላይ ካወቃቸው በኋላ ከውጭ የሚነገረው ግምት እምብዛም አይሠራም። በዓይኑ ያየውን ያምናላ። ስለዚህ «የመምህር ግምት ዕጣ ፈንታን ይወስናል» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዳይገባ፤ «ተጽዕኖ ያደርጋል» በቂ ነው። ለሥልጠናውም ይሄ የሁለት ሳምንት ነገር ይጠቅማል። ባለፈው ዓመት ያስተማረው መምህር ስለ ልጁ የሚነግርህ ነገር የሚሠራው በመስከረም መጀመሪያ ነው ማለት ነው።

አስኳላ፦ ተባረኩ። ርዕሱን «የመምህር ግምትና የተማሪ ውጤት» አደርገዋለሁ። አንድ ቃል ቀረኝ፦ ስማቸው ላልተሰጠው ልጆች «የቁጥጥር ቡድን» የሚል አየሁ። ማንም አልተቆጣጠራቸውም እኮ።

ወለላ፦ «ማነጻጸሪያ ቡድን» በል። ሥራቸው እሱ ነው።