ዩኒቨርሲቲው ከመምህሩ ግራንት ላይ ኦቨርሄድ ይቁረጥ ወይስ አይቁረጥ?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከቂሊንጦ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬና ከገላን ያላችሁ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ የዚህ ሳምንት ክርክራችን ሰርቪስ ውስጥ ሲወራ የከረመው ጉዳይ ነው። አንድ አባላችን የሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ፣ ማንኛውም መምህር ከውጭ ከሚያመጣው የምርምር ገንዘብ (ግራንት) ላይ 15 በመቶ ኦቨርሄድ፣ ማለትም ለተቋሙ የአስተዳደርና የአገልግሎት ወጪ የሚያዝ ድርሻ፣ ለተቋሙ ገቢ ይሆናል የሚል ረቂቅ መመሪያ ለአስተያየት በትኗል። አስተያየት የሚሰበሰበው እስከ ዓርብ ነው። ይቆረጥ? አይቆረጥ? የተቋም ስም አንጠራም። መምህራን ብቻችንን ተስማምተን እንዳንወጣ ከፋይናንስም ከላብራቶሪም ያላችሁ ጻፉ።

የአፈር ሳይንስ መምህር፦
እኔ አይቆረጥ ባይ ነኝ። የግራንት ጥሪውን ፈልጌ ያገኘሁት እኔ፣ ፕሮፖዛሉን ልጆች ከተኙ በኋላ እያመሸሁ የጻፍኩት እኔ፣ አጋር የሆነንን የውጭ ዩኒቨርሲቲ ያሳመንኩትም እኔ። ተቋሙ የድጋፍ ደብዳቤው ላይ ማኅተም አሳርፏል፤ ለእሱም ከቢሮ ቢሮ ተመላልሻለሁ። ይህስ ይሁን። ገንዘቡ ከገባ በኋላ የሆነውን ስሙ።

ለፒኤች ሜትር፣ ለአፈር አሲድነት መለኪያው፣ አንድ ኤሌክትሮድ አስፈለገኝ፤ በእጅ የምትያዝ ትንሽ ዕቃ ናት። ሦስት ፕሮፎርማ አመጣሁ። ፕሮፎርማው የሚጸናው ለ15 ቀን ነው። ፋይሉ ከግዥ ክፍል ወጥቶ ለፊርማ እስኪቀርብ ቀኑ አለፈ፤ አሸናፊው ነጋዴ በድሮው ዋጋ አልሸጥም አለ፤ እንደገና ሦስት ፕሮፎርማ። ዕቃው ሲመጣ ደግሞ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) የሚቆርጠው የንብረት ክፍል ሠራተኛ ፈቃድ ወጥቷል። በዚህ መሀል ሰኔ 30 ደረሰና ሒሳብ ተዘጋ። የእኔን ፕሮጀክት ከመንግሥት የበጀት ዓመት ጋር ምን አገናኘው? ገበሬው ጤፉን የሚዘራው በሐምሌ ነው። ከመዝራቱ በፊት የአፈር ናሙና ካልወሰድኩ ወቅቱ አመለጠኝ፤ የሚቀጥለው ዓመት ድረስ ጠብቅ ማለት ነው። 15 በመቶው የሚቆረጥብኝ ለዚህ አገልግሎት ነው?

የፋይናንስ ባለሙያ፦
ዶክተር፣ ስለ ኤሌክትሮዱ የጻፉት እውነት ነው፤ እንዲህ ያለ ፋይል በእኔም ጠረጴዛ ላይ አልፏል። ግን ኦቨርሄዱን ከምርምርዎ ላይ እንደሚወሰድ ገንዘብ አይቁጠሩት። ብዙ ሰጪዎች ከምርምሩ ወጪ ለይተው፣ ለተቋሙ ብለው የሚያስቀምጡት መስመር አለ። የአውሮፓ ኅብረት ሆራይዘን ዩሮፕ፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2027 የሚቆየው፣ በቀጥተኛ ወጪው ላይ 25 በመቶ ይጨምራል፤ የኢትዮጵያ ተቋማትም ገንዘቡን ለመቀበል ብቁ ናቸው። የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋም፣ ኤንአይኤች የምትሉት፣ ለውጭ አገር ተቀባይ 8 በመቶ ይፈቅዳል። 15 የምትለዋ ቁጥርም ዝም ብላ አልመጣችም፤ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ከእሱ ጋር የተደራደረበት የራሱ የኦቨርሄድ ምጣኔ ለሌለው ተቋም የሚፈቅደውን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ከ10 ወደ 15 በመቶ ከፍ አድርጎታል።

እናንተ በጀት ስትሠሩ ይህን መስመር ባዶ ትተዉታላችሁ። ፕሮፖዛላችሁ ርካሽ ሆኖ እንዲታይ ትፈልጋላችሁ፤ ይገባኛል። ታዲያ መብራቱን፣ ኢንተርኔቱን፣ ጥበቃውን፣ ሾፌሩን፣ ኦዲተር ሲመጣ ፋይል የሚያደራጀውን ሠራተኛ ማን ይክፈል? እየተከፈለ ያለው ለመማር ማስተማር ከተመደበው የመንግሥት በጀት ነው። ለተማሪ ወረቀትና ኬሚካል መግዣ ከሚሆነው ላይ ወስደን የሀብታም አገር ሰጪን እየደጎምን ነው።

የአፈር ሳይንስ መምህር፦
እሱን እቀበላለሁ። ሰጪው ለተቋሙ ብሎ የመደበውን እኔ አልከለክልም። ረቂቁ ግን እንዲህ አይልም፤ ለሁሉም ወጥ 15 በመቶ ነው የሚለው። 8 ከሚሰጠው ላይ 15 ሲቆረጥ ቀሪው 7 ከየት ይመጣል? ምንም ኦቨርሄድ የማይከፍል ሰጪ ሲሆንስ? ከመረጃ ሰብሳቢዎች ውሎ አበል፣ ከነዳጅ፣ ከናሙና ምርመራው ላይ ይወሰዳል። ከዚያ የሰጪው ኦዲተር ይመጣና ይህ ወጪ በውሉ የለም፣ መልሱ ይላል። መላሹ ማነው? የፕሮጀክቱ ኃላፊ ተብሎ የፈረመው ሰው ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ፕሮፌሰር (ሕብረተሰብ ጤና)፦
ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ስለ መቶኛው ስትከራከሩ የገበያው ሁኔታ መለወጡን እንዳትረሱ። እኔ የተማርኩትም፣ በእኔ ዘመን ብዙ የአገራችን ተመራማሪ የሠለጠነውም በስዊድን ድጋፍ ነው፤ ለአሥርተ ዓመታት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ሲደግፉ ኖረዋል። የስዊድን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 በምርምር ምክር ቤቱ በኩል ለልማት ምርምር ያወጣው የነበረውን የውድድር ገንዘብ አቆመ። በ2025 ዩኤስኤአይዲ ተዘጋ፤ በእሱ ገንዘብ ይሠሩ ከነበሩት የግብርና ምርምር ፕሮግራሞችም አብዛኞቹ አብረው ቆሙ። በዚያው ዓመት ግንቦት ኤንአይኤች በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ወደ ውጭ የሚሄደውን ንዑስ ውል አዲስ አሠራር እስካወጣ ድረስ አልሰጥም አለ። እኛ ደግሞ በአብዛኛው የምንገባው በንዑስ ተቀባይነት ነው። ስለዚህ አሁን ውድድሩ ጠባብ በር ላይ ነው። ዋናው ተቀባይ አጋር ሲመርጥ የእኛን እውቀት ብቻ አያይም፤ ሪፖርቱን በቀኑ የሚልከው ማነው ብሎ ይጠይቃል።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ለአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ በቀጥታ የሚወዳደር ተቋም ሳም በሚባለው የመንግሥት መዝገብ ላይ መመዝገብና በየዓመቱ ማደስ አለበት። ለአውሮፓው ደግሞ ፒክ የሚባል ዘጠኝ አኃዝ ያለው የተቋም መለያ ቁጥር አለ፤ ተቋሙን ወክሎ እሱን የሚያስተዳድር ሰው በይፋ ይሾማል። በማውቀው አንድ ተቋም ይህ ሰው ሥራ ለቀቀ፤ ምዝገባው የተሠራው በግል ኢሜይሉ ነበር። የማመልከቻው ቀን ሊያልቅ ሲል የይለፍ ቃሉ ያለው አንድ የሄደ ሰው ስልክ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ፕሮፖዛሉ ጥሩ ነበር፤ ሳይላክ ቀረ። አንድ ደመወዝተኛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ የተቋም ኢሜይል ቢኖር ይህ አይሆንም። ኦቨርሄድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ይቆረጥ፤ ነገር ግን በተለየ ሒሳብ ይቀመጥና ለምርምር ድጋፍ ብቻ ይዋል። ወደ አጠቃላይ ገቢ ከገባ የፕሬዚዳንት ቢሮ ወንበር ይገዛበታል።

ጀማሪ ሌክቸረር፦
ፕሮፌሰር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይቅርታ ይደረግልኝና እስካሁን የተናገራችሁት ሁሉ ግራንት አግኝታችሁ የምታውቁ ናችሁ። እኔ ቆራጭም ተቆራጭም አይደለሁም፤ የሚቆረጥ ነገር የለኝም። እኛ ዘንድ የግራንት ጥሪ የሚደርሰን በደብዳቤ ነው። ከምክትል ፕሬዚዳንት ቢሮ ወደ ዲን፣ ከዲን ወደ ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ ከኃላፊው ወደ ቴሌግራም። እኛ ጋ ሲደርስ የቀረው ጊዜ ሁለት ሦስት ቀን ነው። በዚያ ጊዜ የበጀት ሠንጠረዥ፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ ማመልከቻ፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ሁለት አጋር፤ ማን ይችላል? ደብዳቤውን አስቀድመው የሚያዩት ከቢሮው አጠገብ ያሉት ናቸው፤ እነሱ ያሸንፋሉ፤ ከዚያ ወጣቱ አይጽፍም ይባላል።

በዚያ ላይ የማስተማር ጫናው አይቀነስልንም። ለወጣት ተመራማሪዎች ከሚባሉት ውድድሮች ብዙዎቹ ፒኤችዲ ይጠይቃሉ፤ ከፒኤችዲ በኋላ ያለፉትን ዓመታትም ይቆጥራሉ። ወልዳ የዘገየች መምህርት አንዳንዱ ላይ የወሊድ ጊዜዋ ይቀነስላታል፤ ግን ይህን የሚነግራት ሰው ካለ ነው። ከኦቨርሄዱ ላይ ለጀማሪዎች አነስተኛ የዘር ገንዘብ፣ ማለትም የምርምር መነሻ የሚሆን፣ ይመደብ፤ ፕሮፖዛል አንብቦ የሚያርም ሰው ይቀጠር። ያን ጊዜ 15 አይደለም 20 ይቆረጥ እላለሁ።

የላብራቶሪ ቴክኒሻን፦
ከእኛም አንድ ነገር ይጨመር። በግራንት የተገዛ ሪኤጀንት (የላብራቶሪ ምርመራ ኬሚካል) ቦሌ ካርጎ ደረሰ ተባለ። ከቀረጥ ነፃ የሚያስገባው ደብዳቤ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ሌላ መሥሪያ ቤት ሄዶ ተረጋግጦ እስኪመለስ ደረቅ በረዶው ተንኖ አለቀ። ሳጥኑን ስከፍት ጠርሙሶቹ ላብ ብለው ነበር። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ መቀመጥ የነበረበት ኢንዛይም ለብ ብሏል። ወረቀት ላይ ግን ዕቃው ገቢ ሆኗል፤ ሞዴል 19 ተቆርጧል፤ ኦዲተሩ የሚያየው እሱን ነው። ዕቃው አገር ሳይገባ ደብዳቤውን የሚጨርስ ሰው ይመደብልን። መቶኛውን እናንተ ተነጋገሩበት።

የታሪክ መምህር፦
እኔ ከሌላ ጎን ልምጣ። እኛ የምንኖርበት ኮዬ ፈጬ በቅርቡ ዘመን የእርሻ ማሳ ነበር። ኮንዶሚኒየሙ ሲመጣ የተነሡት ገበሬዎች ዛሬም በዙሪያችን አሉ፤ ሽማግሌዎቹ ግን እያለፉ ነው። የእነሱን ቃል የሚመዘግብ የውጭ ግራንት ፈልጌ አጥቻለሁ። ለብራና ጽሑፎች በብሪቲሽ ላይብረሪ በኩል አደጋ ላይ ያሉ መዛግብትን ዲጂታል ለማድረግ የሚሰጥ ገንዘብ አለ፤ ጥሩ ነገር ነው፤ ኢትዮጵያም ተጠቅማበታለች። ከዚያ ወጣ ሲሉ ግን ርዕሱን የሚመርጠው ሰጪው ነው። በአየር ንብረትና በወባ ላይ ለሚሠራ በር አለ፤ ለአንድ ቀበሌ ታሪክ የለም። ከሚሸጠው ርዕስ የተቆረጠው ኦቨርሄድ የማይሸጠውን ርዕስ ይደግፍ። ዩኒቨርሲቲ አንድ ቤት ነው የምንል ከሆነ ማለቴ ነው።

የአፈር ሳይንስ መምህር፦
ወንድሜ፣ የሽማግሌዎቹ ነገር ያሳስበኛል፤ እኔም ናሙና ስወስድ ስለ ማሳው የሚነግሩኝ እነሱ ናቸው። ግን የአገርን ታሪክ መመዝገብ የመንግሥት የምርምር በጀት ሥራ ነው። በእኔ የጤፍ ገንዘብ ትከሻ ላይ ከተጫነ ትምህርት ሚኒስቴር መመደብ ያለበትን ላለመመደብ ምክንያት ያገኛል።

የታሪክ መምህር፦
በጀቱ እስኪመጣ ሽማግሌዎቹ አይጠብቁንም። እዚህ ላይ አልስማማም።

የፋይናንስ ባለሙያ፦
እኔ ወደ ግዥው ልመለስ፤ ዕዳው በሙሉ እኛ ላይ እንዳይቀር። ሦስት ፕሮፎርማ ያልነው እኛ አይደለንም፤ የመንግሥት ግዥ ሥርዓት ነው። መለወጥ የሚቻለው በተቋም ደረጃ ያለው ነው፤ ለፕሮጀክት የተለየ የባንክ ሒሳብ፣ ለግራንት ብቻ የሚሠራ አንድ የግዥ ሠራተኛ፣ አነስተኛ ግዥን ለዲን በውክልና መስጠት። ራስ ገዝ የሆነ ተቋም ደግሞ ከዚህ የሰፋ መብት አለው፤ በ2015 ዓ.ም. አዋጁ የወጣው ለዚህ ነው።

ነገር ግን መምህራንም ሒሳባችሁን አወራርዱ። ለመስክ ሥራ ቅድሚያ ክፍያ ትወስዳላችሁ፤ ከመስክ ስትመለሱ ማኅተም የሌለው ደረሰኝ በፌስታል ታመጣላችሁ፤ አንዳንዱም ጭራሽ አያመጣም። በስሙ ያልተወራረደ ሒሳብ ያለበት ሰው ሌላ ቅድሚያ ስከለክለው ጠላቱ እሆናለሁ። የመዘግየት ዋጋውን እኔም አውቀዋለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ከ100 አለፈ። ከዚያ በፊት ገንዘባቸው ተመንዝሮ ግዥያቸው ያልተፈጸመ ፕሮጀክቶች አሉ፤ መሣሪያው የሚገዛው ከውጭ ነው፤ የያዙት ብር የታሰበውን ግማሽ ያህል ብቻ የሚገዛ ሆነ። የዘገየው በእኛም በእነሱም ነው።

የአፈር ሳይንስ መምህር፦
እንግዲህ ዓርብ ሳይደርስ ይህን አንቀጽ በአስተያየት መልክ ላስገባ ነው፤ ተመልከቱት። "ተቋሙ የሚወስደው ኦቨርሄድ ሰጪው በውሉ ከፈቀደው አይበልጥም። የተገኘው ገንዘብ በተለየ ሒሳብ ተቀምጦ ግማሹ ለግራንት ድጋፍ ቢሮ፣ ሩቡ ለትምህርት ክፍሉ፣ ሩቡ ለጀማሪ መምህራን የዘር ገንዘብ ይውላል። የተሟላ የግዥ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ ካልተፈጸመ የዚያ ሩብ ዓመት ኦቨርሄድ ለፕሮጀክቱ ተመላሽ ይሆናል።" ማንኛውም ጥሪ በደረሰበት ቀን ለሁሉም መምህር በኢሜይል ይላክ የሚለውንም የሌክቸረሯን እህታችንን ቅሬታ ሰምቼ ከታች ጨምሬዋለሁ።

ጀማሪ ሌክቸረር፦
የዘር ገንዘቡ ማስተርስ ላለውም እንደሆነ በግልጽ ይጻፍልኝ። ካልተጻፈ ሲተረጎም ይወጣል።

ፕሮፌሰር (ሕብረተሰብ ጤና)፦
ልክ ነሽ፤ ይጻፍ። እኔ እፈርማለሁ።

የታሪክ መምህር፦
ከዘር ገንዘቡ ውስጥ የውጭ ሰጪ ለሌላቸው ርዕሶች ድርሻ ካልተለየ አልፈርምም።

የፋይናንስ ባለሙያ፦
የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር እፈርማለሁ። ሦስተኛው ላይ "የተሟላ" የሚባለው ያልተወራረደ ሒሳብ ከሌለበት ሰው የቀረበ ጥያቄ ነው ተብሎ ይጨመር። ካልተጨመረ ስሜን አታስገቡ።