የጋቢ ሱቃችንን ዌብሳይት ቤት ባለ ላፕቶፕ ላይ ላስኪደው? ጉግል ላይስ ለምን አይወጣም?

የሰኞ ገበያዋ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ጥያቄ አለኝ፣ የተያያዙ ስለመሰለኝ አንድ ላይ ልጠይቅ።

እናቴ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ጋቢ፣ ነጠላ፣ ቡሉኮና የሐበሻ ቀሚስ ትሸጣለች። ሸማኔዎቹ ከድሮ ጀምሮ የምናውቃቸው ናቸው፣ ፈትሉም የእጅ ነው። እስካሁን የምንሸጠው በቴሌግራምና በቲክቶክ ነው። ችግሩ ቴሌግራም ላይ ባለፈው ሳምንት የለጠፍኩትን ዛሬ ማንም አያየውም፣ በአዲሱ ተገፍቶ ይቀራል፤ ደንበኛው ግን «ያ ሰማያዊ ጥለት ያለው የታለ?» ይለኛል፣ እኔም ፎቶ ስፈልግ እውላለሁ። ስለዚህ በዌብሳይት መሥሪያው በዎርድፕረስና ሱቅ በሚያደርገው ጭማሪው በውኮሜርስ ዌብሳይት ሠራሁ። ዕቃዎቹን አስገብቻለሁ፣ ቆንጆ ሆኗል።

የውጭ ሆስቲንግ (ዌብሳይት የሚቀመጥበት የኪራይ ኮምፒውተር) ያለ ዶላር ካርድ አይከፈልም፣ እኔ ደግሞ የለኝም። አንድ የቆየ ላፕቶፕ ነበረን (8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ)፤ ኡቡንቱ ሰርቨር የሚባለውን ሲስተም ጫንኩበትና ሱቁን እሱ ላይ አስነሳሁት። ዶሜን አለኝ። ጎብኚ የሚገባባቸውን በሮች፣ ፖርት 80 እና 443ን፣ ራውተሩ ላይ ከፍቻለሁ። ቤት ዋይፋይ ላይ ሆኜ ይከፍታል፣ በሞባይል ዳታ ግን እምቢ አለ። ጉግል ላይ የሱቁን ስም እንኳ ብጽፍ አይወጣም።

ምን ይሻለኛል? መብራቱን ታውቁታላችሁ። ላፕቶፕ ስለሆነ ባትሪው ይይዘዋል ብዬ ነው።

ከሐረጎ በታች (ኮምቦልቻ)

እህቴ አብሽሪ፣ ማሽኑ ለአንድ ትንሽ ሱቅ ይበቃል። የያዘሽ ሌላ ነገር ነው።

ራውተሩ ውስጥ ግቢና ከኢንተርኔት በኩል የተሰጠውን የአይፒ ቁጥር (የኢንተርኔት አድራሻ) እዪ። ከዚያ የእኔ አይፒ ስንት ነው ብለሽ ጉግል ላይ ፈልጊና ከሚመጣልሽ ጋር አነጻጽሪው። ሁለቱ ከተለያዩ፣ በተለይ የራውተሩ ቁጥር ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው መሃል የሚጀምር ከሆነ፣ አንዱን የውጭ አይፒ ብዙ ቤቶች እየተጋራችሁት ነው ማለት ነው። የአይፒ ቁጥር ስላጠረ በብዙ አገር የሚደረግ ነገር ነው። እንዲህ ከሆነ ራውተርሽ ላይ የፈለግሽውን ፖርት ብትከፍቺ ምንም አያመጣም፤ ከሱ በላይ ያለው ዝግ ነው፣ እሱን ደግሞ አንቺ አትነኪውም። ቤት ውስጥ የሚከፍትልሽ ከማሽኑ ጋር በአንድ ዋይፋይ ላይ ስላለሽ ነው። ጉግል የሚመጣው ከውጭ ነው፣ ስለዚህ ገጽሽን አንድም ቀን አላየውም።

መፍትሔው ተነል ነው። ክላውድፍሌር በነጻ ይሰጣል። ላፕቶፑ ላይ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ትጭኛለሽ፣ እሱ ከውስጥ ወደ ውጭ መስመር ይዘረጋል፣ ጎብኚው በዚያው ይገባል። ሁለቱን ፖርቶች መልሰሽ ዝጊያቸው። ማሽኑን ከሩቅ ማዘዣ የሆነውን ኤስኤስኤችንም ለውጭ እንዳትከፍቺ፤ የሱ ፖርት 22 ክፍት ሆኖ ከተገኘ ፓስወርድ የሚሞክሩ ሮቦቶች ቀንና ሌሊት ይደበድቡታል። ከሌላ ቦታ ሆነሽ መግባት ከፈለግሽ የራስሽን ማሽኖች ብቻ በግል መስመር የሚያገናኘውን ቴይልስኬል ጫኚ።

ላፕቶፕ ሰርቨር ሲሆን ሰው የሚረሳቸው ነገሮች አሉ። ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ የሲስተሙ ማስተካከያ ውስጥ ገብተሽ ንገሪው። ባትሪው ዓመቱን ሙሉ ሞልቶ እንደተሰካ ከዋለ ሊያብጥ ይችላል፣ ባዮሱ (ማሽኑ ሲነሳ የሚገባበት የውስጥ ማስተካከያ) የሚፈቅድ ከሆነ 80 ፐርሰንት ላይ እንዲያቆም አድርጊው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ቢቆይም ራውተሩና የፋይበሩ ሳጥን ወዲያው ይጠፋሉ። ለነሱ ትንሽ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ያስፈልጋል፣ ከመግዛትሽ በፊት ግን አዳፕተሮቹ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፒር አንብቢ፣ ሁሉም 12 ቮልት አይደለም። ደግሞም ባትሪው ጨርሶ ካለቀ መብራት ሲመጣ ብዙ ላፕቶፕ በራሱ አይነሳም። ዴስክቶፕና ሚኒ ፒሲ ኃይል ሲመለስ እንዲነሱ የሚያደርግ ምርጫ ባዮስ ውስጥ አላቸው፣ ላፕቶፕ ላይ ግን እሱን ማግኘት ከባድ ነው። ሌሊት ካለቀበት ጠዋት አንቺ እስክታበሪው ሱቁ ዝግ ነው።

በሙቀት በኩል እናንተ ደህና ናችሁ፣ የደሴ ብርድ ለማሽን ይስማማል። አየር ማናፈሻ የምንፈልገው እኛ ቆላ የወረድነው ነን።

እንደ እኔ ግን ሱቁን እቤት አታድርጊው። ተነሉ ሲቋረጥ ደንበኛም ጉግልም የሚያዩት በ5 የሚጀምር የስህተት ቁጥር ነው። ጉግል ይሄን ሲደጋግም ካገኘው አመጣጡን ይቀንሳል፣ ለቀናት ከቀጠለ ደግሞ የተመዘገቡ ገጾችን ማውጣት ይጀምራል። ለጋቢ ሱቅ ይሄ ከሆስቲንግ ክፍያው ይበልጥ ይጎዳል። በብር የሚያስከፍሉ የአገር ውስጥ ሆስቲንግ ድርጅቶች አሉ፣ እነሱን ጠይቂ። ላፕቶፑን ለባክአፕ፣ ለፎቶ ማከማቻና ለመሞከሪያ ተጠቀሚበት፤ የሰው ስልክና አድራሻ የያዘ ዳታ አንድ ዲስክ ላይ ብቻ አይተውም።

የአምባሰል ልጅ

ስለ ሰርቨሩ በሚገባ ተነግሮሻል፣ ስለ ፍለጋው እኔ ልቀጥል።

መጀመሪያ ዎርድፕረስ ውስጥ ንባብ የሚለው ማስተካከያ ጋ ግቢ። ሰርች ኢንጂኖች ይህን ሳይት እንዳይመዘግቡ የሚል ትንሽ ሳጥን አለ። ምልክት ካለበት አጥፊው፣ እሱ እያለ ሌላው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ ጉግል ሳይትሽን እንዴት እንደሚያየው በሚያሳየው በጉግል ሰርች ኮንሶል ላይ ዶሜንሽን አስመዝግቢና ሳይትማፑን (የገጾችሽን ዝርዝር) ስጪው። ዎርድፕረስ ከ5.5 ወዲህ ሳይትማፕ በራሱ ያወጣል፣ ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) መግዛት አያስፈልግሽም።

አሁን ወደ ዋናው። የአብዛኛውን የአገራችንን ሱቅ ገጽ ብታዪ ርዕሱ «ጋቢ 01»፣ «ጋቢ 02» ነው፣ ከስሩ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል፣ አለቀ። ጉግል ከዚህ ምን ያንብብ? ፎቶ ላይ የተጻፈ ስልክ ቁጥር ለሱ ጽሑፍ ሆኖ አይቆጠርለትም። ሰው ገበያ መጥቶ እናትሽን የሚጠይቃቸውን ጥያቄ አስቢ፦ ስንት እጥፍ ነው? ፈትሉ የእጅ ነው የፋብሪካ? ርዝመቱ ለረጅም ሰው ይሆናል? ሲታጠብ ጥለቱ ይለቃል? ለማን ይሰጣል፣ ለአባት፣ ለሙሽራ፣ ለአራስ? እናትሽ አጠገብ ቁጭ በይና የሚመልሱትን እንዳለ ጻፊው። «የወሎ ጋቢ፣ በእጅ የተፈተለ ጥጥ፣ አራት እጥፍ፣ ሰማያዊ ጥለት» የሚል ርዕስ ከስሩ እንዲህ ያለ አንድ ሁለት አንቀጽ ቢኖረው፣ ጉግልም ያነበዋል፣ ደንበኛም አምስት ጊዜ ከመደወል ይድናል። ዋጋውን ግልጽ አድርገሽ ጻፊ። ውኮሜርስ ዋጋውንና ዕቃው መኖር አለመኖሩን ጉግል በሚገባው መልክ በራሱ ያዘጋጃል፣ ዋጋ ካልሞላሽ ግን የሚያዘጋጀው የለም።

የፊደላችን ነገር ደግሞ አለ። አንዱ «ሐበሻ»፣ ሌላው «ሀበሻ» ብሎ ይጽፋል፤ «ቡሉኮ»ም «ቡልኮ»ም ይባላል። በላቲን ፊደል የሚጽፈውማ ብዙ ነው፣ የአማርኛ ኪቦርድ ስልኩ ላይ የሌለው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚፈልገው። ርዕሱ ላይ አንዱን ያዢ፣ ሌላኛውን አጻጻፍ መግለጫው ውስጥ እንደ ወጉ አንዴ አስገቢው። ቃል ደርድረሽ እንዳትሞዪው፣ ለአንባቢም ያስጠላል፣ ጉግልም እንደ ማጭበርበር ያየዋል።

ሊንኩን በላቲን ፊደል አጭር አድርጊው። አንድ የግዕዝ ፊደል ሊንክ ውስጥ ሲገባ 9 ቁምፊ ይሆናል፣ ዎርድፕረስ ደግሞ ለዚህ የሚይዘው 200 ቁምፊ ነው። ስለዚህ ረጅም የአማርኛ ርዕስ 22ኛው ፊደል ገደማ ላይ ይቆረጣል፤ ቴሌግራም ላይ ስትልኪውም የፐርሰንት ምልክት የሞላበት ዝብርቅርቅ ነው የሚታየው።

ፎቶዎቹን እንደ ስልክሽ እንዳታስገቢያቸው። የስልክ ፎቶ አንዱ 4 እና 5 ሜጋ ይሆናል፤ ዌብፒ ወደሚባለው ቀለል ያለ የፎቶ ፋይል ዓይነት ቀይረሽ ከ200 ኪሎባይት በታች አድርጊያቸው። ጉግል ጥሩ የሚለው የገጹ ትልቁ ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ሲታይ ነው።

የተሸጠ ጋቢ ገጹን አታጥፊው። ተመሳሳዩ ከሸማኔው ሲመጣ እዚያው ገጽ ላይ መልሺው። ገጹ በቆየ ቁጥር ይጠቅምሻል።

ከሁሉም በፊት ግን ሱቁን ጉግል ካርታ ላይ በቢዝነስ ፕሮፋይል አስገቢው። ሰኞ ገበያ የመንገድ ስምና ቁጥር ባይኖርሽም፣ ፒኑን ትክክለኛው ቦታ ላይ ትከዪና አጠገቡ ያለውን የታወቀ ነገር መግለጫው ላይ ጻፊ። የሱቁን ፊት፣ የውስጡን መደርደሪያ፣ እናትሽ ጋቢ ሲዘረጉ አንሺ። ገዝቶ የረካ ሰው አስተያየት እንዲጽፍ ጠይቂ፣ በገንዘብ ግን እንዳታስጽፊ።

ቴሌግራም ላይ «ጉግል ላይ አንደኛ እናወጣሃለን» የሚሉ ሞልተዋል። ሊንክ ሊሸጡልሽ ነው፣ እሱ ደግሞ በጉግል ደንብ የተከለከለ ነው። ኪወርድ የሚሞላበትን የድሮ ሜታ ታግ (በገጹ ኮድ ውስጥ የሚደበቅ መስመር) ለመሙላት ገንዘብ የሚጠይቁም አሉ፤ ጉግል እንደማይጠቀምበት በፈረንጆቹ 2009 ተናግሮ ጨርሷል። በቻናል ያለ ክፍያ የሚለቀቀውን የተሰበረ ቴም (የገጽ መልክ ማሳመሪያ) እና ፕለጊንም አትጫኚ። ብዙው ውስጡ የተደበቀ ነገር አለበት፣ አንድ ቀን ሱቅሽ የቁማር ሊንክ ሞልቶበት ታገኚዋለሽ።

ወረኢሉ ነኝ (ሪያድ)

እኔ ቴክኒኩን አላውቅም፣ ደንበኛ ነኝ ግን። እዚህ ያለን የወሎ ልጆች ጋቢ የምንፈልገው ለራሳችን አይደለም፣ እዚያው አገር ቤት ላሉት እናትና አባታችን ነው። ስልኬ ላይ የምጽፈው በላቲን ፊደል ነው፦ ጋቢ፣ ደሴ፣ ዋጋ። የሚመጣልኝ አሜሪካ ያሉ ሱቆች ናቸው፣ በዶላር፣ ወደ አሜሪካ የሚልኩ። እኔ የምፈልገው ከደሴ ተነስቶ ወረኢሉ የሚደርስ ነው።

ስለዚህ እህቴ ወላሂ አንድ ገጽ ለኛ ብቻ ብታደርጊልን። ከውጭ ሆኖ ለቤተሰብ ማስላክ እንዴት ነው፣ እስከ የት ታደርሳላችሁ፣ ሐይቅ፣ ወረኢሉ፣ ከሚሴ፣ ወልድያ፣ ስንት ቀን ይፈጃል፣ ማጓጓዣው ስንት ነው፣ እናቴ ስትረከብ ፎቶ ትልኩልኛላችሁ ወይ። ብሩን እዚያ ያለ ወንድሜ ሊከፍል ይችላል ወይ። ይሄን ጽፎ ያገኘሁት ሰው የለም። ፎቶውን ደግሞ በብርሃን አንሱት፣ በመብራት ስታነሱት ነጩ ቢጫ ይመስላል።

የአምባሰል ልጅ

እህታችን የተናገረችው እኔ ከጻፍኩት ሁሉ ይበልጣል። «ጋቢ» በሚለው ብቻ ከትልልቆቹ ጋር ከመጋፋት፣ ከውጭ ሆኖ ወሎ ላለ ቤተሰብ ጋቢ ለማስላክ በሚለው ሱቅሽ የመውጣት ዕድሉ እጅግ ሰፊ ነው። ያን ገጽ ዛሬውኑ ጻፊው። በእንግሊዝኛና በዐረብኛም ለየብቻ ገጽ አድርጊለት፣ አንድ ገጽ ላይ አታደባልቂያቸው።

የሰኞ ገበያዋ (ደሴ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የራውተሩ ቁጥር እውነትም በ100 ነው የሚጀምረው። ተነሉን ዘረጋሁት፣ አሁን በሞባይል ዳታ ይከፍታል። ዎርድፕረስ ውስጥ ያለው ሳጥን ላይ ምልክት አልነበረም። ሰርች ኮንሶልም ሳይትማፑን ተቀበለኝ፣ ግን አብዛኞቹ የዕቃ ገጾች ተገኝተዋል፣ ገና አልተመዘገቡም በሚል ስር ናቸው። ይሄ ከመብራቱ ነው ከጽሑፉ? እናቴ የምትመልሰውን መቅዳት ጀምሬያለሁ፣ ስለ ጥለት ስትናገር አታቆምም። ደግሞ ወደ አገር ውስጥ ሆስቲንግ ስዛወር ሊንኩ ይበላሽብኛል?

የአምባሰል ልጅ

ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ያ ማለት ጉግል ገጹ መኖሩን አውቋል፣ ገና ግን አልመጣበትም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሰርቨሩን እንዳያጨናንቅ ብሎ ለሌላ ጊዜ ማስተላለፉ ነው፤ አዲስ ሳይት ላይም የተለመደ ነው። ለይተሽ ማወቅ ከፈለግሽ ኮንሶሉ ውስጥ ማስተካከያ ጋ የአሰሳ ስታቲስቲክስ አለ። የሰርቨር ስህተትና የምላሽ ጊዜ በየቀኑ ያሳይሻል። ስህተቱ መብራት ከጠፋባቸው ቀናት ጋር ከገጠመ መልሱን አገኘሽ። ለዋና ዋናዎቹ ገጾች ምዝገባ እንዲደረግላቸው አንድ በአንድ ጠይቂ፣ የማስላኪያውን ገጽ ቀድመሽ።

ከሐረጎ በታች (ኮምቦልቻ)

ዶሜኑና የገጾቹ ሊንክ እንዳሉ ከቀጠሉ የሚበላሽ የለም። ፋይሎቹንና ዳታቤዙን ቅጂ፣ አዲሱ ቦታ ላይ አስነሺ፣ ከዚያ ዶሜኑን ወደዚያ አዙሪ። በሚዛወርበት ሰዓት ትዕዛዝ መቀበሉን አቁሚው፣ አለበለዚያ አንዱ ትዕዛዝ ላፕቶፑ ላይ ሌላው አዲሱ ላይ ይቀራል። ላፕቶፑን ወዲያው አትዝጊው፣ ለጥቂት ቀን አሮጌውን አድራሻ ይዘው የሚመጡ ይኖራሉ። በኋላ መሞከሪያ ስታደርጊው በፓስወርድ ዝጊው፣ ተነሉ ላይ ክፍት ከተውሽው ጉግል አንድ ሱቅ ሁለት ቦታ ያገኛል። ባክአፑ በየሌሊቱ ከሆስቲንጉ ወደ ላፕቶፑ እንዲወርድ አድርጊ፣ ከዚያም አንዱን ቅጂ በሌላ ዲስክ ዘመድ ቤት አስቀምጪ። አልፎ አልፎ ደግሞ ከባክአፑ አስነሥተሽ እዪው፣ የሚሠራ መሆኑ የሚታወቀው እንደዚያ ነው።