በየቀኑ ምሳሌን አነባለሁ፤ ዋስ ሁነኝ ስባል ግን ምን ልመልስ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ጠዋት ወደ ሥራ ሳልወጣ ከመጽሐፈ ምሳሌ አንድ ምዕራፍ አነባለሁ። የምከተለው የወሩን ቀን ነው፤ ቀኑ 6 ከሆነ ምዕራፍ 6። ችግሬ ታክሲ ከያዝኩ በኋላ ያነበብኩት ሁሉ መጥፋቱ ነው። አሁን ደግሞ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሊቀጠር ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ዋስ አምጣ ስላለው እኔን ጠየቀኝ። ምሳሌ 6፥1-5 ለሰው ዋስ የሆነ በገዛ ቃሉ ተጠምዷልና ፈጥኖ ራሱን ያድን ይላል፤ 11፥15ም ያስጠነቅቃል። ልጁ ጨዋ ነው፣ ከተመረቀ ጀምሮ ሥራ ፍለጋ ላይ ነው። እምቢ ብል ቤቴ ይታመሳል። እሺ ብል ቃሉን መጣስ ይሆንብኛል? እናንተስ የቀኑን ንባብ እንዴት ነው ውሏችሁ ላይ የምታውሉት?

ባለሱቅ፦ ስለ መርሳቱ ልበል። አንድ ምዕራፍ ውስጥ ብዙ ምክር አለ፤ ሁሉንም ልያዝ ካልክ አንዱም አይያዝልህም። እኔ አንድ ቁጥር መርጬ በዱቤ ደብተሬ የዕለቱ ገጽ አናት ላይ እጽፋለሁ። አንድ ቀን የጻፍኩት 3፥28ን ነበር፤ መስጠት እየቻልክ ባልንጀራህን «ነገ ተመለስ» አትበለው የሚለውን። ከሰዓት በኋላ ጆንያ ያወረዱልኝ ልጆች ሒሳባቸውን ሊቀበሉ መጡ። ዝርዝር አልነበረኝም፣ ነገ ኑ ልላቸው ስል ደብተሩ ፊቴ ተከፍቷል። ጎረቤት ሱቅ ሄጄ ዘርዝሬ ከፈልኳቸው። አንተም ቢሮ የምትይዘው ማስታወሻ አይጠፋህም።

የሰንበት ተማሪ፦ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። ወንድሜ፣ ምሳሌን እንደ ዐሠርቱ ትእዛዛት አታንብበው። 26፥4 ለሰነፍ እንደ ስንፍናው አትመልስለት ይላል፤ 26፥5 ደግሞ መልስለት ይላል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ለየትኛው ሰው፣ መቼ የሚለውን መለየት ነው ከአንባቢው የሚፈለገው። ዋስትናም እንደዚያው ነው። ይሁዳ ስለ ብንያም ለአባቱ ዋስ ሆኗል (ዘፍ. 43፥9)። ቅዱስ ጳውሎስም አናሲሞስ ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቁጠረው ብሎ ለፊልሞና ጽፏል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 29 ደግ ሰው ለባልንጀራው ዋስ ይሆናል ይልና፣ ዋስትና ብዙ ባለጸጎችን እንዳጠፋም ወዲያው ያስከትላል። መለኪያውን ምሳሌ 22፥27 ላይ ታገኘዋለህ፦ የምትከፍለው ከሌለህ የተኛህበትን አልጋ ለምን ያስወስዱብሃል? ስለዚህ የልጁን ጨዋነት ብቻ አትመዝን። ገንዘብ ቢጎድል ከፍለህ ልጆችህን ማብላት ትችላለህ ወይ?

ሒሳብ ሠራተኛ፦ እኔ ስለ ወረቀቱ ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። ዋስ የምትሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መጠኑ ያልተገለጸ ዋስትና አይጸናም ይላል። ይህን አምነህ ግን ባዶ ቦታ ያለው ፎርም ላይ እንዳትፈርም፤ በኋላ ማን ምን እንደሚሞላበት አታውቅም። መጀመሪያ መጠኑን ጠይቅ። ከበዛብህ ሌላ ዘመድ ጨምራችሁ፣ የእያንዳንዳችሁ ድርሻ ለየብቻ ተጽፎ መፈረም ይቻል እንደሆነ መሥሪያ ቤቱን ጠይቁ። አቅምህ ካልሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ለራሱ ለልጁ ንገረው፣ ሌላ ሰው የሚፈልግበት ጊዜ እንዲያገኝ። «እስቲ አያለሁ» እያልክ ማቆየቱ ነው ሥራውን የሚያሳጣው።

የሁለት ልጆች እናት፦ ጌታ ይባርካችሁ። ወንድሜ፣ ከባለቤትህ ጋር ተመካከርክ? ቤቴ ይታመሳል ብለህ ፈራህ እንጂ እሷ ምን እንዳለች አልጻፍክም። 15፥22 ያለ ምክር የታሰበው ይፈርሳል የሚለው ለእንደዚህ ያለው ነገር ነው። ቁጥሩን አብራችሁ አንብቡ፣ ደመወዛችሁንና ወጪያችሁን ወረቀት ላይ አስፍሩ። ወንድሟን የምታውቀው እሷ ናት።

ስለ ንባቡ ደግሞ፣ በእኛ አቆጣጠር ወሩ 30 ቀን ስለሆነ ምዕራፍ 31 እንዳይቀርብህ በ30 ሁለቱን አንብብ። ጳጉሜን ላይ እኔ የያዕቆብን መልእክት አነባለሁ፤ 5 ምዕራፍ ስለሆነ ልክ ይመጣል፣ 6 በሆነችበት ዓመት የመጀመሪያውን እደግማለሁ። ማታ እራት ላይ ልጆቼን የዛሬው ቁጥር የት ጋ ገጠማችሁ ብዬ እጠይቃለሁ። ትልቋ ክፍል ውስጥ ስለ ተጣሉ ልጆች ስታወራ 15፥1ን፣ ለስላሳ መልስ ቁጣ ያበርዳል የሚለውን፣ ራሷ አነሳችው።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር ማታ ተነጋገርን። እሷም ፈርታ ኖሯል፤ አቅማችንን ጽፈን ከዚህ በላይ አንችልም የምንለውን ቁጥር ተስማምተናል። ነገ ልጁ የፎርሙን ኮፒ ያመጣል። ሒሳብ ሠራተኛ፣ ከሥራው ሲለቅ ዋስትናው እንዲወርድልኝ በጽሑፍ ማሳወቅ አለብኝ?

ሒሳብ ሠራተኛ፦ አዎ፣ በጽሑፍ አሳውቅ። ርክክብ አድርጎ የሒሳብ ጉድለት እንደሌለበት የሚገልጽ ደብዳቤ ሲሰጠው ኮፒውን ያዝ፤ የምትፈርምበትንም ወረቀት ኮፒ በፈረምክበት ቀን አስቀምጥ።