የስኪዬ ጠርዝ በረዶውን ነክሶ አለቅም አለኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ዴንቨር ነው የምኖረው፤ ስኪዬን (የበረዶ መንሸራተቻዬን) ቤት ውስጥ ራሴ ነኝ የምሞርደውና ሰም የምቀባው። ሰሞኑን ግን ሜዳ ላይ ቀጥ ብዬ ስሄድ ግራና ቀኝ ይጎትተኛል፤ ልታጠፍ ስል ደግሞ ጠርዙ አለቅም ይላል። የጎኑን ጠርዝ በ2 ዲግሪ ሞርጄ፣ የቀረውን ሻካራ ጫፍ በአልማዝ ድንጋይ አለስልሼዋለሁ፤ ስለዚህ ከዚያ አይመስለኝም። የብረት ማስመሪያ ከታች በኩል አጋድሜ ወደ መብራት ሳየው መሃሉ ብርሃን ያሳልፋል፤ ዳርና ዳሩ ያለው ብረት ከፍ ብሏል ማለት ነው። ከፊት በኩል ይብሳል። ይህን የታችኛውን ጠርዝ በሞረድ ብቻ ወደ 1 ዲግሪ ማስተካከል ይቻላል ወይስ የግድ ማሽን ላይ መፋቅ አለበት? ብረቱ ስስ ስለሆነ አንዴ ከተበላ አይመለስም። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ቅዳሜ ተራራ ልወጣ ነው።