ሌላ ፋየርዎል ልጫን ወይስ የዊንዶውሱ ይበቃል?

ጠያቂ፦
ሰላም ወገን። የቤት ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 11 ነው። ዋይፋዩን ከጎረቤት ጋር ነው የምንጋራው፣ ሂሳቡን እኩል እየከፈልን። ትናንት «ኔትወርክ» የሚለውን ስከፍት የጎረቤቴ ልጅ ላፕቶፕ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። እኔም ለእሱ እታየዋለሁ ማለት ነው? ጓደኛዬ ክራክ የተደረገ (እንዳይከፈልበት የተሰበረ) ፋየርዎል፣ ማለትም በኔትወርክ የሚገባውን የሚያግድ ፕሮግራም፣ በፍላሽ ሊሰጠኝ ነው። ልጫነው?

መልስ 1፦
ኧረ በፍጹም! እሱ እኮ ሌባን ዘበኛ አድርጎ መቅጠር ነው። የዊንዶውሱ ፋየርዎል ከ2004ቱ የዊንዶውስ ኤክስፒ ማሻሻያ (ሰርቪስ ፓክ 2) ወዲህ በርቶ ነው የሚመጣው። ለቤት ይበቃል። ሴቲንግ ገብተህ የዋይፋዩን ፕሮፋይል ከ«ፕራይቬት» ወደ «ፐብሊክ» ቀይረው። ያኔ ለልጁ ላፕቶፕ አትታይም፣ ፋይል ሼሪንግም ይዘጋል።

ጠያቂ፦
ቀየርኩት፣ አመሰግናለሁ። የዋይፋይ ፕሪንተሬ ግን ድምጥማጡ ጠፋ።

መልስ 2፦
ፐብሊክ ስላደረግከው ነው። በዩኤስቢ ገመድ ሰካው፣ ተገላገል። ለፕሪንተር ብለህ ወደ ፕራይቬት እንዳትመልሰው። ደግሞ አዲስ ፕሮግራም ስትከፍት ፋየርዎሉ «አላው» ላድርግ (ልፍቀድለት) ወይ ብሎ ሲጠይቅህ ዝም ብለህ አትጫን። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚያ ጋ ነው። ፍላሹን ተወው፤ በገዛ እጅህ የጫንከውን ቫይረስ ፋየርዎል አያስቆምልህም።

መልስ 1፦
ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ራውተርስ ማን ቤት ነው ያለው? የራውተሩ ሴቲንግ መግቢያ ፓስወርድ አሁንም «አድሚን» ከሆነ ዛሬውኑ ተነጋግራችሁ ቀይሩት።